መብራቱ አለ፣ ማሽኑ ይሠራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው

ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ ጠለቅ ስትል ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ጠባሴ አካባቢ ባለ አንድ የኪራይ ክፍል ውስጥ ሦስት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ጋቢ ደርበው አንድ ላፕቶፕ ከበው ተቀምጠዋል። ላፕቶፑ በሌላ ሰው እጅ ያለፈ ነው። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ገመዱ ከሶኬት ሲነቀል እዚያው ድርግም ይላል። ዊንዶውስ ተጭኖበታል። ዊንዶውሱ ላይ ቨርቹዋልቦክስ፣ ቨርቹዋልቦክሱ ውስጥ ደግሞ ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ። የኡቡንቱ ምልክት ብቅ አለ፣ ከሥሩ ያለችው ክብ ትንሽ ተሽከረከረች፣ ከዚያ መስኮቱ ጠቆረና ቀረ።

«ቆይ ጠብቀው፤ ሊነሳ ይችላል።»

«ሩብ ሰዓት ሞላው እኮ!»

«በቃ አጥፋውና እንደ አዲስ ጫነው።»

በየዶርሙም በየላቡም የሚታዘዘው የመጀመሪያ መድኃኒት ይኸው ነው፤ እንደ አዲስ መጫን። ኡቡንቱን በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ መጫን ግማሽ ምሽት ይበላል። የማሽኑ ቅንብር ሳይነካ ያው ፋይል ስለሚጫንም፣ ምሽቱ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ያው ጨለማ ነው። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ።

ለመሆኑ ተማሪዎቹ ሊኑክስን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ለምን አይጭኑትም? ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የኑሮ ነው። ላፕቶፑ አንድ ነው፤ የሦስት ሰው አሳይመንት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ በፓወር ግዕዝ የተተየበ ማመልከቻ፣ የቤተሰብ ፎቶ ሳይቀር እዚያው ነው ያለው። ሃርድ ዲስኩን ሲከፋፍሉ አንዲት ስህተት ከተፈጠረች ያ ሁሉ ይሄዳል። ሊኑክስ ደግሞ መቅረት የማይችል ነገር ነው። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌሎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የኦፐሬቲንግ ሲስተም ትምህርት ይሰጣሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና መቀመጥ ግድ ሆኖበታል። የኮምፒውተር ሳይንሱ ፈተና ኦፐሬቲንግ ሲስተምን ይጨምራል። ስለዚህ መውጫው ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ ዊንዶውሱ ሳይነካ፣ ሊኑክሱ በአንድ ፋይል ውስጥ እንደ ራሱ ኮምፒውተር ይኖራል።

ሐሳቡ የዛሬ አይደለም። አይቢኤም በአንድ ግዙፍ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ኮምፒውተሮች ያሉ የሚያስመስል ስርዓት የሠራው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነበር። ቪኤምዌር ይህን ወደ ተራው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በነፃ ስለሚገኝ በተማሪው ዘንድ የተለመደው ቨርቹዋልቦክስ ደግሞ ኢኖቴክ በተባለ የጀርመን ኩባንያ ተሠርቶ በ2007 ለሕዝብ ተለቀቀ፤ በዓመቱ ወደ ሰን፣ በ2010 ወደ ኦራክል እጅ ገባ።

የስክሪኑ ችግር ሥሩ ያለው አንድ ነገር ላይ ነው። ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ያለው ኡቡንቱ የላፕቶፑን ትክክለኛ ግራፊክስ ካርድ አያየውም። የሚያየው ቨርቹዋልቦክስ የፈጠረለትን፣ በሶፍትዌር ብቻ ያለ ካርድ ነው። ኡቡንቱ ምስሉን ለዚህ ካርድ ይሰጣል፤ ቨርቹዋልቦክስ ይቀበልና ለዊንዶውስ ያስተላልፋል፤ ዊንዶውስ ደግሞ በእውነተኛው ካርድ በኩል ስክሪኑ ላይ ይስለዋል። ከሦስቱ አንዱ ጋ ከተቋረጠ ውጤቱ ሁልጊዜ ያው ጥቁር መስኮት ነው። ስለዚህም «እንዴት ላስተካክለው?» ከማለት በፊት «የጨለመው የቱ ጋ ነው?» ማለት ይቀድማል።

ይህን ለማወቅ የምትበቃ አንዲት ሙከራ አለች። ቨርቹዋልቦክስ በዊንዶውስ ላይ ሲሠራ የቀኙን ኮንትሮል ለራሱ ይይዛል። መስኮቱ በጠቆረበት ሰዓት የቀኙን ኮንትሮል ይዞ ኤፍ3ን መጫን፣ ለኡቡንቱ «ኮንትሮል፣ ኦልት፣ ኤፍ3» ብሎ እንደመላክ ይቆጠራል፤ ኡቡንቱ ከዴስክቶፑ ወጥቶ ወደ ጽሑፍ መግቢያው እንዲሄድ የሚያዝዝ ነው። ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ መጥቶ «ሎጊን» ብሎ ከጠየቀ ሊኑክሱ ደህና ነው፣ የታመመው ዴስክቶፑ ብቻ ነው። ምንም ካልመጣ ችግሩ ከዚያ በታች፣ የሊኑክሱ እምብርት የሆነው ከርነልና ያ የሶፍትዌር ካርድ የሚገናኙበት ላይ ነው። ግማሹ ምርመራ በዚህ ያልቃል።

የጠባሴዎቹ ተማሪዎች ላይ የጽሑፍ መግቢያው መጣ እንበል። ስምና የይለፍ ቃል አስገብቶ መጀመሪያ መታየት ያለበት የዲስኩ ቦታ ነው። የላፕቶፑ ሃርድ ዲስክ ስለሚጠብ ብዙ ተማሪ ለቨርቹዋል ማሽኑ የሚሰጠው 10 ጊጋ ባይት ያህል ነው። ዛሬ ኡቡንቱ ብቻውን ያንን ሊሞላው ምን ቀረው? ዲስኩ ሙሉ ሲሆን ዴስክቶፑ ጊዜያዊ ፋይሎቹን የሚጽፍበት ያጣል። ያኔ ወይ ይጨልማል፣ ወይ የይለፍ ቃሉን ተቀብሎ መልሶ የመግቢያው ገጽ ላይ ይጥላል። ካርዱም ድራይቨሩም ጥፋት የለባቸውም።

ቀጥሎ ሜሞሪ። 4 ጊጋ ባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ ራሱ ግማሹን ይወስዳል። ከቀረው ላይ ለኡቡንቱ 1 ጊጋ ሲሰጠው የኡቡንቱ ዴስክቶፕ የሆነው ግኖም ይታነቃል። እዚህ ላይ ፍርዱ ቁርጥ ያለ ነው፤ በ4 ጊጋ ላፕቶፕ ላይ ሙሉውን ኡቡንቱ ለማስነሳት መታገል ጊዜ ማባከን ነው። ሉቡንቱ ወይም ዙቡንቱ የሚባሉት ቀለል ያሉ ዝርያዎች አሉ፤ ውስጣቸው ያው ኡቡንቱ ነው፣ ትዕዛዞቹም ያው ናቸው፣ የሚለያቸው ልብሳቸው ብቻ ነው። አንድ ተማሪ «ሉቡንቱ ያስንቃል» ብሎ ሙሉውን ሲጭን ማየት የተለመደ ነው። ፈተናው ግን ስለ ልብሱ አይጠይቅም።

የካርዱ ሜሞሪ ከዚህ ለየት ያለ ጉዳይ ነው፤ ቁጥሩን ቆጥሮ ማየት ይቻላል። ስክሪኑ ላይ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ 4 ባይት ትይዛለች። 1920 በ1080 የሆነ አንድ ሙሉ ስክሪን ሲባዛ ከ8 ሚሊዮን ባይት በላይ፣ ወደ 8 ሜጋ የሚጠጋ ይሆናል። ዴስክቶፑ አንዱን ምስል እያሳየ ሌላውን ከጀርባ ስለሚያዘጋጅ እጥፉን ይፈልጋል። ቨርቹዋልቦክስ ለሊኑክስ ማሽን ብዙውን ጊዜ በራሱ የሚመድበው 16 ሜጋ ነው። ጠርዝ ላይ ነው የቆመው ማለት ነው። በማሽኑ ቅንብር ውስጥ «ዲስፕሌይ» የሚለው ጋ ገብቶ ቁጥሩን ወደ 128 መሳብ ከላፕቶፑ ራም የሚወስደው ኢምንት ነው፤ የሚያድነው ራስ ምታት ግን ብዙ ነው። ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ካልጠፋ ግን ቅንብሩ አይነካም።

እዚያው ገጽ ላይ ሁለት ሌሎች ነገሮች አሉ። አንደኛው የካርዱ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ከወጣው ቨርቹዋልቦክስ 6.0 ጀምሮ ለሊኑክስ የሚመረጠው «ቪኤምኤስቪጂኤ» የሚባለው፣ የቪኤምዌርን ካርድ የሚያስመስለው ነው። የሊኑክስ ከርነል የዚህን ካርድ ድራይቨር በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ ነው ምርጫው። ድሮ የተፈጠረ ማሽን ከጓደኛ ተቀብሎ በአዲስ ቨርቹዋልቦክስ የሚከፍት ሰው ግን አሮጌውን ካርድ ይዞ ሊቀጥል ይችላል፤ መለወጥ አለበት። ሁለተኛው «ሥሪዲ አክሰለሬሽን» የምትለው ምልክት ናት። ስሟ ያማልላል፤ ማን ፍጥነት ይጠላል? ነገር ግን ይህቺ ምልክት ስትበራ የሶፍትዌሩ ካርድ ሥራውን ወደ እውነተኛው ካርድ ይገፋል፤ የአሮጌ ላፕቶፕ ካርድና ድራይቨሩ ያንን መሸከም ሲያቅታቸው ስክሪኑ ይንቀጠቀጣል ወይም ጭራሹን ይጠፋል። በዚህ ሰበብ የሚጨልመው ማሽን ብዙ ነው፤ መድኃኒቱም ምልክቷን ማንሳት ብቻ ነው።

የጽሑፍ መግቢያው ጭራሽ ካልመጣስ? ያኔ ማሽኑ ሲነሳ፣ ሺፍትን ይዞ፣ በአዲሱ የማስነሻ ዘዴ ከተፈጠረ ደግሞ ኢስኬፕን ነካ ነካ አድርጎ፣ ግረብ የሚባለውን ምናሌ ማውጣት ያስፈልጋል። «ኢ» የሚለውን ፊደል ሲጫኑ የማስነሻው መስመር ይከፈታል። እዚያ ላይ «ኳየት ስፕላሽ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ማጥፋት ብዙ ያሳያል፤ እነዚህ ቃላት ማሽኑ የሚናገረውን ከአርማው ጀርባ የሚደብቁ መጋረጃዎች ናቸው። ሲወገዱ ከርነሉ እያንዳንዱን እርምጃውን በጽሑፍ ይዘረዝራል፤ የመጨረሻዋ የቆመችበት መስመርም ጥፋቱን ትጠቁማለች። በቦታቸው «ኖሞድሴት» ብሎ መጻፍ ደግሞ ከርነሉ የካርዱን ድራይቨር እንዳይጠቀም ያደርገዋል። በዚህ ከተነሳ ጥፋቱ ድራይቨሩ ጋ እንደሆነ ተረጋገጠ።

ኖሞድሴት ግን መመርመሪያ እንጂ መኖሪያ አይደለም። ብዙዎች ስክሪኑ ስለበራላቸው ደስ ብሏቸው ቃሉን በቋሚነት ይተክሉታል። ከሳምንት በኋላ «ስክሪኑ አነሰብኝ፣ አልሰፋ አለ» ይላሉ። ድራይቨሩ ተዘግቶ እንዴት ይስፋ!

ትንሿ ስክሪን ራሷን የቻለች ጣጣ ናት። አዲስ ማሽን አንዳንዴ በ800 በ600 ይነሳል። የኡቡንቱ መጫኛ መስኮት ከዚህ ስለሚረዝም «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ ከስክሪኑ በታች ይቀራል፤ ተማሪውም ቁልፉን ፍለጋ ይዳክራል። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዞ መስኮቱን በማውስ ወደ ላይ መጎተት ይቻላል፤ ማውሱ እምቢ ካለም በታብ እየዘለሉ ኢንተር መምታት ያሻግራል። ከተጫነ በኋላ ደግሞ ጌስት አዲሽንስ የሚባለው ጥቅል ሲገባ ስክሪኑ ከመስኮቱ ጋር አብሮ ይሰፋል፣ ይጠባል። ጥቅሉ ከቨርቹዋልቦክሱ ጋር አብሮ ስለሚመጣ እሱን ለማውረድ ዳታ አያስፈልግም። ሆኖም ሲጫን በከርነሉ ልክ የሚፈበረክ ስለሆነ ኮምፓይለርና የከርነሉ ሄደር ፋይሎች ይፈልጋል፤ እነሱ ከኢንተርኔት ይመጣሉ። ኡቡንቱ ከርነሉን ሲያድስ ደግሞ ጥቅሉ ከአዲሱ ከርነል ጋር እንደገና መገጠም አለበት። «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ አፕዴት ካደረግኩ በኋላ ተበላሸ» የሚለው አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ ይህ ነው። መፍትሔውም ቅርብ ነው፤ በግረብ ምናሌ ውስጥ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ብሎ በቀድሞው ከርነል መነሳትና ሄደሩን ማሟላት።

መጨለም ሁሉ ብልሽት ነው ማለትም አይደለም። በቨርቹዋልቦክሱ መስኮት ግርጌ በስተቀኝ ትንሽ አረንጓዴ ኤሊ ከታየች፣ ዊንዶውስ የራሱን የቨርቹዋል ማሽን ስርዓት፣ ሃይፐር-ቪን፣ አብርቶ ቨርቹዋልቦክስን በእሱ በኩል እንዲሠራ አስገድዶታል ማለት ነው። የዊንዶውስ 10ና 11 የደኅንነት ቅንብር ውስጥ ያለው «ሜሞሪ ኢንተግሪቲ» ይህን ሊያደርግ ይችላል። ያኔ ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል፤ ሩብ ሰዓት ጨለማ የመሰለው ገና በመነሳት ላይ ያለ ማሽን ሊሆን ይችላል። ኤሊዋን መርጠው ያስቀመጧት ሰዎች ቀልደኞች ነበሩ።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ጎረቤላ፣ አለፍ ሲባልም የድሮዋ አንኮበር አለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው ተራራ ከአፋር ቆላ በላይ ተንጠልጥላ፣ ብዙ ጊዜ ጉም ለብሳ ትውላለች። ለእረፍት ወደ ቤተሰቡ የሚመለስ ተማሪ እዚህ ሌላ ዓይነት ጨለማ ይጠብቀዋል። መብራት ሲሄድ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ አብሮ ይሄዳል፤ በውስጡ እየሠራ የነበረው ኡቡንቱም ፋይሉን በመጻፍ ላይ እያለ ይቆረጣል። መብራት ሲመለስ ኡቡንቱ ዴስክቶፑን ትቶ «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጥቁር ስክሪን ላይ ይቆማል። ያስደነግጣል፤ ግን ስክሪኑ ምንም አልሆነም። ፋይሎቹ የተቀመጡበት ክፍል መጠገን ይፈልጋል እንጂ። በአብዛኛው እዚያው ጽሑፍ ላይ የተጎዳው ክፍል ስም ተጽፎ ይገኛል፤ «ኤፍኤስሲኬ» የሚለውን ትዕዛዝ ከዚያ ስም ጋር ጽፎ ለጥያቄዎቹ «የስ» እያሉ መመለስ ብዙውን ያስነሳል። መብራት የሚመላለስበት ቦታ ላይ የሚሠራ ሰው ደህና የነበረበትን ሁኔታ በስናፕሾት ማስቀመጥ ልማድ ቢያደርግ ይሻለዋል።

በሞባይል ዳታ የሚወርደው ፋይልም ሌላ ምክንያት ነው። የኡቡንቱ 24.04 የዴስክቶፕ መጫኛ ወደ 6 ጊጋ ይጠጋል። ይህን በፓኬጅ ማውረድ ኪስ ይጎዳልና ተማሪው ከጓደኛ በፍላሽ ይቀበላል። ፍላሹ «ፋት32» በሚባለው ዘዴ ፎርማት የተደረገ ከሆነ ግን ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ወደ «ኤክስፋት» መለወጥ አለበት። ሲወርድ ተቆራርጦ የተጎዳ ፋይልም መጫን ይጀምርና መሐል ላይ ይጨልማል። ዊንዶውስ «ሰርትዩቲል» በሚባለው ትዕዛዙ የፋይሉን የሻ256 ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩ ኡቡንቱ ካወጣው ጋር በአንዲት ፊደል እንኳ ከተለያየ ፋይሉ አይረባም። ሁለት ደቂቃ የምትፈጅ ሥራ ናት፤ የሚሠራት ግን ጥቂት ነው።

ስክሪኑ ከበራ በኋላም አማርኛ አንባቢን የሚጠብቅ አንድ ችግር ይቀራል። አማርኛ ጽሑፍ ሲከፈት በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ። ይህን ከካርዱ ጋር የሚያገናኝ ብዙ ሰው አለ፤ ነገሩ ግን የፎንት ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። ለዚህ ከደከሙት መካከል የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽኑ ዳንኤል ያዕቆብ ይገኝበታል። ቀለል ባሉት የሊኑክስ ዝርያዎች ላይ ፊደሉን የያዘ ፎንት ላይኖር ይችላል፤ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ሲጫን ሳጥኖቹ ወደ ፊደል ይለወጣሉ።

ከዴስክቶፑ ውጪ ባለው ጥቁር የጽሑፍ ስክሪን ላይ ጉዳዩ ጠበቅ ይላል። ከርነሉ እዚያ በአንድ ጊዜ ከ512 በላይ የፊደል ቅርጽ አይዝም። የፊደል ገበታችን በዩኒኮድ 3.0 ሲገባ 345 ምልክቶች ነበሩት፤ ስለዚህ ጠበብ ብሎም ቢሆን ይገባል። ኡቡንቱ የተመሠረተበት ዴቢያን ይህን ስክሪን የሚያዋቅርበት ጥቅል ውስጥም «ጎሃ» እና «ጎሃ ክላሲክ» የሚባሉ የፊደላችን ፎንቶች አሉ። ያንን ጥቅል እንደገና ሲያዋቅሩ ከምርጫዎቹ መካከል የኢትዮጵያን ፊደል መምረጥ ይበቃል። ፊደሉ በጠባብ ቦታ ታጭቆ ስለሚመጣ ዐይን ያደክማል፤ ቢሆንም ይነበባል።

ይህን ሁሉ ጣጣ መዝለል የሚፈልግ ሰው መንገድ አለው። ትምህርቱ ትዕዛዝ መጻፍ፣ ፋይል መፍቀድና መከልከል፣ ፕሮሰስ ማየት ከሆነ ዴስክቶፕ አያስፈልግም። ዊንዶውስ 10ና 11 ላይ የሚሠራው ደብሊውኤስኤል ሊኑክስን በአንድ የጽሑፍ መስኮት ውስጥ ያስነሳል፤ የስክሪን ካርድ ጭቅጭቅ የለውም። የኡቡንቱ ሰርቨርን በቨርቹዋልቦክስ ማስነሳትም ያው ነው። ቪኤምዌር ዎርክስቴሽን ፕሮም ከኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉም በነፃ ሆኗል፤ ቨርቹዋልቦክስ አልሆን ያለው ሊሞክረው ይችላል። እዚያ የጌስት አዲሽንስን ቦታ የሚይዘው ኦፕን ቪኤም ቱልስ ከኡቡንቱ ማከማቻ በቀጥታ ይጫናል።

ለመምህራንና ለላብ ባለሙያዎች አንድ ጥያቄ ይቅረብ። ቨርቹዋልቦክስ በደንብ የተዋቀረን ማሽን «ኦቪኤ» በሚባል አንድ ፋይል ማውጣት ይችላል። በሴሚስተሩ መጀመሪያ አንድ ሰው ሉቡንቱ ይጫን፤ ካርዱን ቪኤምኤስቪጂኤ ያድርግ፣ የካርዱን ሜሞሪ 128 ሜጋ ያድርስ፣ ሥሪዲውን ያጥፋ፣ ጌስት አዲሽንሱንና የአማርኛ ፎንቱን ያስገባ። ያንን ፋይል በኤክስፋት ፍላሽ ለክፍሉ ሁሉ ያድል። የአንድ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የተማሪው ዳታም ምሽቱም ይተርፋል።